ብሎኑ የማን ነው?

እህቴ ዶሪን ቁም ሣጥኗ ውስጥ አምስት ጋዋን አላት፤
አምስት ቀለም፣ አምስት አርማ፣ በአምስት ጨረታ የመጣላት።
ወለሉ ግን አንድ ነው፤ ሃልቤክ ሆስፒታል፣ ሁለተኛ ፎቅ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የወለወለችው፣ ስንጥቁን በስሙ የምታውቅ።

መጀመሪያ አረንጓዴው ነበረ፣ ደረቱ ላይ ስሟ የተጠለፈ፤
ከዚያ ሰማያዊው ኩባንያ መጣ፣ የአረንጓዴው ዘመን አለፈ፤
ከዚያ ብርቱካናማው፣ ከዚያ ግራጫው፤
ዘንድሮ ሐምራዊ ነው፣ ባለቤቱን ማንም የማያውቀው።
«ደመወዝሽስ?» ስላት፣ «እሱ እንኳ ቀለም አልቀየረም፤
በአረንጓዴው ጊዜ ከነበረበት ስንዝር አልተሻገረም።»

እኔ የብረት ሰው ነኝ። ክላይቭ ሃክስቢ እባላለሁ፤
መዶሻና ቁልፍ ይዤ ሐዲድ ለሐዲድ ኖሬአለሁ፤
በቀን ሰባት ማይል በእግሬ፣ ሲለው ዝናብ ሲለው ጭጋግ፣
ብረቱን እያንኳኳሁ፣ ጤናውን ከድምፁ ስፈልግ።

ድሮ ሁሉም የአንድ ቤት ነበር፤
ደግ ቤት ነበር አልልም። ባቡሩ ያረፍዳል፣ ሻዩም አይጣፍጥም፤
አለቃችን ብሌንኪን ሲቆጣ መልስ አይሰማም።
ብቻ አንድ ነገር ሲበላሽ፣ ማን ጋ እንደሚጮህ ይታወቃል፤
ብሌንኪን ጋ። ይሰድብሃል። ከዚያ ግን ሰው ይልካል።

በኋላ ቤቱን ተካፈሉት፣ እንደ ውርስ፣ ባለቤቱ ሳይሞት፤
ሐዲዱ ለአንዱ፣ ፉርጎው ለአንዱ፣ መብራቱ ለሌላ ድርጅት፤
የጣቢያው ሰዓት እንኳ ሳይቀር ገባ ለማስታወቂያ ቤት፤
እኔና መዶሻዬም ተቆጠርን፣ ተራ ቁጥር ዘጠና ስምንት።

አንድ የኅዳር ሌሊት፣ ቶርንዊክ ድልድይ ላይ፣
አንድ ብሎን እንደ ልጅ ጥርስ ሲነቃነቅ አገኘሁ፣ በባትሪዬ ሳይ።
ደወልኩ። «የኛ አይደለም፤ የጥገናው ክፍል ነው» አለኝ አንደኛው።
ጥገናው፣ «ድልድይ ላይ ከሆነ የድልድዮች ነው፤ የኛ ወንዙ ማዶ ያለው።»
ድልድዮች ሙዚቃ ከፈቱልኝ። ዋሽንት ነው መሰለኝ፤
ሃያ ደቂቃ ሰማሁት፣ ጥርሴ እስኪንቀጫቀጭብኝ።
የአምስት ሰዓት ከአርባው ባቡር ግን ዋሽንት አይሰማም፤
ውስጡ ያንቀላፋ ሰው አለ፤ የእሱን ነፍስ ገና ጨረታ አላወጡም።

ቁልፌን አወጣሁ። አጠበቅሁት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።
ባቡሩ ሲያልፍ ንዝረቱ ወጣ በጉልበቴ።

ሐሙስ ደብዳቤ መጣ፤ ወረቀቱ ወፍራም፣ ጥሩ፤
«ውል ያልገቡበትን ብሎን ስለማጥበቅዎ» ይላል፣ ከነመዝገብ ቁጥሩ።
ራስጌው ላይ «ግልጋሎት» የሚል ጽሑፍ በወርቅ ቀለም ነበረ፤
እጥፋቱ መሐሉ ላይ አርፎ፣ «ጋሎት» ወደ ኋላ ዞሮ፣ «ግል» ብቻ ፊት ለፊት ቀረ።
አንብቤ ስጨርስ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ሌላ ነገር መጣብኝ፤
ዶሪን ፍሬም አስገባችና ሽንት ቤት ሰቀለችልኝ።
ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ አልደረሰኝም፤ ኩባንያው ቀድሞኝ ከሰረ፤
ዕዳው ወደ መንግሥት ተመለሰ፣ ትርፉ በሄደበት ቀረ።

አሁን ጉልበቴ አልቋል። ተራ ስጠብቅ አሥራ ስድስት ወሬ፤
ቀዶ ጥገናው በዶሪን ፎቅ አይደለም፤ ለክሊኒክ ተሰጥቷል፣ አርባ ማይል ካገሬ።
ሁለት ባቡር ያደርሳል፤ የሁለቱ ጌታ ይለያያል፤
አንዱ ሲያረፍድ ሌላው አይጠብቅም፤ «መንገደኛዬ አይደለም» ይላል።

ትናንት ሄድን። ድልድዩ አፋፍ ላይ ቆምን፤ ለምን እንደሆነ አልተነገረንም።
ዶሪን ሐምራዊውን እንደለበሰች፣ ከሌሊት ሥራ የመጣች፣
ትከሻዬ ላይ አንቀላፋች፤ ክሎሪን ክሎሪን ሸተተች።
ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥሁ፤
ብሎኔ ያለበትን መጋጠሚያ ስናልፍ በጉልበቴ ለየሁ።
አንዴ ኳ አለ፤ ላልቶ ቢሆን ሁለቴ ይላል።
የማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።
ይዟል።